ቆዳችንን የለካው ማን ነው? የፕሶርያሲስ ሕክምና ታሪክ

የዛሬው ክፍል ስለ ቆዳ ነው። ስለ ቀለሙ አይደለም፤ እሱን በሌሎች ክፍሎች ብዙ አውርተነዋል። ስጀምር ሐሳቤ እንደዚያ ነበር ማለቴ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ታሪኩ ራሱ ጎትቶ ወደ ቀለሙ መለሰኝ፣ ትሰሙታላችሁ።

አንድ አጎት አለኝ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ከልጅነቴ የማስታውሰው ረጅም እጅጌ ሸሚዙን ነው። በነሐሴ፣ ቤር ሼቫ፣ አስፋልቱ እየቀለጠ፣ የሱ ሸሚዝ እስከ አንጓው ድረስ ተቆልፏል። እኛ ልጆቹ የጎንደር ሰው ጨዋነት ነው እንል ነበር። ሌላም ነገር ነበረው። ሠርግ ወይም በዓል ሆኖ ሰው ሁሉ በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲሰበሰብ እሱ "ሆዴን እያመመኝ ነው" ብሎ ለብቻው በሰሃን ይበላል። ይህን ያህል ዓመት ሆዱን የሚያመው ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ልጁ፣ የእኔ እኩያ የሆነችው፣ ጻቫ እያለች ክርኗና የራስ ቅሏ ላይ ቅርፊት የሚመስል ነገር ወጣባት። አንዱ ሐኪም ድርቀት ነው አላት፤ ሌላው ፈንገስ፤ ሌላው ኤክዜማ። ቅባት ትቀባለች፣ ይመለሳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ ለምርመራ ላከችና ፕሶርያሲስ ነው ተባለ። ያን ቀን ማታ ቤት መጥታ ለአባቷ ስትነግረው አጎቴ ምንም አልተናገረም። ዝም ብሎ የእጅጌውን ቁልፍ ፈታና ክንዱን አሳያት።

በማግሥቱ በዋትሳፕ የላከችልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፤ "ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?" እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ታሪክ ነው የማነበው። መልሱን ፍለጋ ስሄድ ያገኘሁትም ታሪክ ነው። እና ዛሬ እሱን ላውራችሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ሁለት ቃል። ጤነኛ ቆዳ ሴሎቹን ከሥር ወደ ላይ አድርሶ ለማራገፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። በፕሶርያሲስ ጊዜ ይህ ሥራ በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ያልበሰለው ሴል በላይ በላዩ ይከመርና ወፍራም፣ ቅርፊታም፣ የሚያሳክክ ቦታ ይሆናል። መነሻው የሰውነት መከላከያ ያለ ጠላት ጦርነት መክፈቱ ነው። በቤተሰብ ይተላለፋል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። በመጨባበጥም፣ ከአንድ ትሪ በመብላትም አይጋባም።

ታዲያ ሰው ለምን ይፈራዋል? ይሄ ከስሙ ይጀምራል። በዕብራይስጥ ፕሶርያሲስ የሚባለው ሳፓሓት ነው። ቃሉ በቀጥታ የተወሰደው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ነው፤ ካህኑ በሰው ቆዳ ላይ የወጣውን ነገር እያየ ንጹሕ ነው፣ ርኩስ ነው ብሎ የሚፈርድበት ክፍል። እዚያው ላይ ያለውን ጻራዓት የሚለውን ቃል የግሪክ ተርጓሚዎች "ሌፕራ" አሉት። ሌፕራ በግሪክኛ ቅርፊት ያለው ነገር ማለት ነበር፤ ኋላ ግን ቃሉ ለሥጋ ደዌ ተሰጠ። በእኛ አማርኛ ደግሞ ለምጽ ተባለ፤ ዛሬ ለምጽ ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው ቆዳን ነጭ የሚያደርገውን፣ በሕክምና ቪቲሊጎ የሚባለውን ነው። ስለዚህ ሦስት አራት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ቃል ታሰሩ። ቃሉ ደግሞ ከሰፈር የሚያስወጣ ቃል ነበር።

በአውሮፓም ያው ነው። ሮበርት ዊላን የሚባል የለንደን ሐኪም በ1808 ገደማ በሽታውን በጥንቃቄ ጻፈው፤ ግን እሱም ቢሆን "ሌፕራ" የሚለውን ስም አልተወውም። ፕሶርያሲስና ሥጋ ደዌ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ተብሎ የሌፕራ ስም የወለቀለት በ1841 ቪየና ውስጥ ነው፣ ፈርዲናንድ ሄብራ በሚባል ሐኪም። ከዚያ በፊት ስንት ፕሶርያሲስ ያለበት ሰው የሥጋ ደዌ ነው ተብሎ ዕድሜውን ከሰው ተገልሎ እንደኖረ ማን ቆጥሮት።

ወላጆቻችን ዘንድ ይህ የሩቅ ታሪክ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ የቆዳ ሐኪም ቤት ሲባል ሰው የሚያስበው ዘነበ ወርቅን ነው። በ1930ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ፣ ኋላ አለርት የሆነው ሆስፒታል ነው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል። ለቆዳህ ታከም ማለት ዘነበ ወርቅ ሂድ ማለት በሆነበት አገር፣ የአጎቴ እጅጌ ለምን እንደተቆለፈ አሁን ይገባኛል።

ወደ መድኃኒቶቹ እንግባ። እዚህ ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ አስቂኝ ነገር አለ፤ አብዛኞቹ የተገኙት ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት አርሴኒክ ነበር። አዎ፣ መርዙ። በ1786 ቶማስ ፋውለር የሚባል እንግሊዛዊ ለወባ መሰል ትኩሳት ያዘጋጀው ጠብታ ለቆዳም ይሠራል ተባለ። እውነትም ለጊዜው ያሻል። ሰዎች ዓመታት ጠጡት፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ጆናታን ሀቺንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም ግን አርሴኒክ የወሰዱ የፕሶርያሲስ ሕሙማን የቆዳ ካንሰር ሲያወጡ አየ። ያም ሆኖ መድኃኒቱ ቶሎ አልጠፋም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በሦስት ወር የሚያሸንፍ መድኃኒት በሃያ ዓመት ሊሸነፍ ይችላል።

ከዚያ የጎዋ ዱቄት መጣ። ከብራዚል ዛፍ የሚገኝ፣ በሕንድ ጎዋ በኩል የሚሸጥ፣ ለጭርት የሚቀባ ቢጫ ዱቄት ነው። በ1876 ባልማኖ ስኳየር የሚባል ሐኪም አንድ ታካሚ ፕሶርያሲሱን ጭርት መስሎት ዱቄቱን ሲቀባ ድኖ አገኘው። በስህተት የተቀባ መድኃኒት! አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ዱቄቱ ወደ ጀርመን መግባት አቆመ፤ ጀርመኖችም በ1916 ተመሳሳዩን በፋብሪካ ሠሩት፤ ዲትራኖል ይባላል። ልብስም አንሶላም ወደ ቡናማ ሐምራዊ ይለውጣል። በ1925 ደግሞ አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ፣ ዊልያም ጎከርማን የድንጋይ ከሰል ቅጥራን ቀብቶ ከላዩ በአልትራቫዮሌት መብራት ማብራት ጀመረ። ታካሚው ሦስትና አራት ሳምንት ሆስፒታል ይተኛል፤ ቀን ሙሉ በቅጥራን ተለቅልቆ። ይሸታል፣ ያቆሽሻል፣ ግን ይሠራል። እስከ ዛሬም የሚሰጡ አሉ።

ብርሃን ከተነሳ፣ ጎከርማን በመብራት የሠራውን እዚህ አገር ፀሐይ በነጻ ትሠራዋለች። ያም ሃሜላሕ ሽርሽር ሄዳችሁ፣ ጭቃ ተቀባብታችሁ ፎቶ ተነስታችኋል አይደል? ያ ቦታ በፕሶርያሲስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። በ1959 ዶስትሮቭስኪና ሳገር የሚባሉ ሁለት የኢየሩሳሌም የቆዳ ሐኪሞች ሙት ባሕር ለአንዳንድ የቆዳ በሽታዎች እንደሚረዳ ሃረፉአ በተባለው የዕብራይስጥ የሕክምና መጽሔት ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ከጀርመንና ከዴንማርክ ሳይቀር ሕሙማን ወደ ዔን ቦቄቅ መምጣት ጀመሩ፤ የአገራቸው የጤና መድን እየከፈለላቸው ጭምር።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ቦታው ከባሕር ወለል በታች 430 ሜትር ገደማ ነው፤ በምድር ላይ ከዚያ ዝቅ ያለ ደረቅ መሬት የለም። ስለዚህ ፀሐይዋ ቆዳችን ጋ ለመድረስ ሌላ ቦታ ከምታልፈው በላይ አየር ታልፋለች። ያ ተጨማሪ አየር ቶሎ የሚያቃጥለውን አጭር ጨረር ያሳንሰዋል፤ ሰውየው ሳይቃጠል ረጅም ሰዓት መቀመጥ ይችላል። ውሃው ደግሞ አንድ ሦስተኛው ጨው ነው፣ ከተራው ባሕር አሥር እጥፍ ገደማ፤ ቅርፊቱን ያለሰልሳል። ሕክምናው በተለምዶ አራት ሳምንት ነው፣ ሰዓቱ በቀስታ እየጨመረ። ብዙ ሰው ቆዳው ጸድቶ ይመለሳል። ከዚያ ከወራት በኋላ በሽታውም ይመለሳል።

ፀሐይን ከሌላ መድኃኒት ጋር ማወዳደር ግን ከባድ ነው። መድኃኒት ሲፈተን ግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ግማሹ ባዶውን ይሰጠዋል፣ ማን ምን እንደወሰደ አያውቅም። የውሸት ፀሐይ እንዴት ይሰጣል? በዚያ ላይ አራት ሳምንት ከሥራ ወጥቶ ሆቴል መቀመጥ በራሱ ያሻል፤ እኔም ይሻለኝ ነበር። ለዚህ ነው ያም ሃሜላሕ በትልልቆቹ የንጽጽር ሠንጠረዦች ውስጥ የማታገኙት። አይሠራም ማለት አይደለም፤ ውድድሩ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

በላቦራቶሪ በኩል የመጣው ሌላ መንገድ ነው። በ1951 ጋብነር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ አሚኖፕቴሪን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም እየሞከሩ ሳለ የአንድ ታካሚያቸው ፕሶርያሲስ ጠፋ። በስህተት፣ እንደገና። የዚያ መድኃኒት ታናሽ ወንድም ሜቶትሬክሴት ነው፤ ከ1958 ጀምሮ ለፕሶርያሲስ እየተሰጠ እስከ ዛሬ አለ። ርካሽ ነው። ጉበትን ስለሚነካ የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ ከአልኮል ጋር አይስማማም፣ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ክኒኑ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው ማዘዣ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ሳባና ሳፍታ ቤታችን ስላሉ ነው፤ በየቀኑ በመውሰድ የሞቱ ሰዎች አሉ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ፑቫ መጣ፤ መድኃኒት ተውጦ ከዚያ በጨረር ሳጥን ውስጥ መቆም ነው። በጣም ይሠራ ነበር። ለዓመታት የተከታተሉት ተመራማሪዎች ግን ብዙ ዙር የወሰዱት ላይ የቆዳ ካንሰር ሲጨምር አዩ። የአርሴኒክ ታሪክ ትንሽ ለስለስ ብሎ ተደገመ። ዛሬ ቁፓት ሖሊም ፎቶቴራፒ ሲላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ፣ ጠባብ የሆነ የጨረር ዓይነት ነው፤ ክኒን አያስፈልገውም።

እስከዚህ ድረስ ሐኪሞች ፕሶርያሲስን የቆዳ ጉዳይ ብቻ አድርገው ነበር የሚያዩት። በ1979 ሳይክሎስፖሪን የሚባል፣ ከፈንገስ የተገኘ፣ የተተከለ ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጥ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም ተሞከረ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቆዳቸው ጸዳ። መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ቆዳን ካዳነ፣ ችግሩ ያለው መከላከያው ዘንድ ነው ማለት ነው። ዛሬ ባዮሎጂካል የሚባሉት መርፌዎች ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። መላውን መከላከያ ከማፈን ይልቅ አንዱን መልእክተኛ ብቻ ለይተው ይይዛሉ፤ መጀመሪያ ቲኤንኤፍ የሚባለውን፣ ቀጥሎ ኢንተርሊውኪን 12 እና 23ን፣ ከዚያ 17ን፣ ከዚያ 23ን ብቻ።

አሁን ወደ ያጎቴ ልጅ ጥያቄ ደረስን። የቱ ይሻላል?

ለማወዳደር ሚዛን ያስፈልጋል። በ1978 ፍሬድሪክሰንና ፔተርሰን የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች አንድ ሚዛን ሠሩ፣ ፓሲ ይባላል። ሰውነትን በአራት ይከፍላል፤ ራስ፣ እጅ፣ ግንድ፣ እግር። በየክፍሉ ሦስት ነገር ይታያል፤ ምን ያህል ቀልቷል፣ ምን ያህል ወፍሯል፣ ምን ያህል ቅርፊት አለው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፣ ከተሸፈነው ቦታ ስፋት ጋር ይባዛል፤ ድምሩ እስከ 72 ይሄዳል። ከ10 በላይ ከሆነ፣ ወይም የተሸፈነው ቆዳ ከመቶ 10 ካለፈ፣ ብዙ ጊዜ መካከለኛ ወይም ከባድ ይባላል። አንድ መዳፍ ከነጣቶቹ ከመቶ አንድ ያህል ነው። "ፓሲ 75 ደረሰ" ማለት ነጥቡ ከመቶ 75 ቀነሰ ማለት ነው፤ "ፓሲ 90" ደግሞ ከመቶ 90።

በዚህ ሚዛን ፍልሚያው ተጀመረ። በ2003 ሆላንዶች ሁለቱን አሮጌዎች አገናኟቸው፤ በ16 ሳምንት ከሜቶትሬክሴት ተጠቃሚዎች 60 ከመቶ፣ ከሳይክሎስፖሪን 71 ከመቶ ፓሲ 75 ደረሱ፤ ልዩነቱ አሸናፊ ለማወጅ አልበቃም። በ2008 አዳሊሙማብ ከሜቶትሬክሴት ጋር ገጠመ፤ 80 ከመቶ ገደማ ለ36። ባዶ መርፌና ክኒን የተሰጣቸውም 19 ከመቶ ተሻላቸው፣ ይህንንም ልብ በሉ። በ2010 ኡስተኪኑማብ ኤታነርሰፕትን አሸነፈ፤ ሁለት ባዮሎጂካሎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ የመጀመሪያው ነበር። በ2014 ሴኩኪኑማብ ኤታነርሰፕትን 77 ለ44 ዘረረው፤ በዓመቱ ኡስተኪኑማብንም በፓሲ 90 አሸነፈ፣ 79 ለ58። እንደ እግር ኳስ ሰንጠረዥ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ዓይኔን ያዘው። አንደኛ፣ ከ2008 ጀምሮ የጠራኋቸውን ግጥሚያዎች ሁሉ የከፈለው ያሸነፈው መድኃኒት ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው። ውሸት ነው አልልም፤ ሥራው በሥርዓት የተሠራ ነው። ግን ኳሱም ሜዳውም ዳኛውም የሚከፈለው ከአንድ ኪስ ሲሆን ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም የሚመርጠውም እሱ ነው። ማንም ኩባንያ ሊሸነፍ በሚችልበት ግጥሚያ ላይ ሚሊዮኖች አያፈስም።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። በ2019 የታተመ ጥናት ጉሰልኩማብን ከሴኩኪኑማብ ጋር አገናኘ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ላይ። በ48ኛው ሳምንት ጉሰልኩማብ 84 ለ70 አሸነፈ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የሚመራው ሴኩኪኑማብ ነበር። ጥናቱ በሦስተኛው ወር ቢያበቃ ኖሮ ስለ አሸናፊው ሌላ ነገር እንሰማ ነበር። ኮክሬን የሚባለው የተመራማሪዎች ድርጅት በ2023 ከ170 በላይ ጥናቶችን፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲያወዳድር ከላይ የወጡት ኢንፍሊክሲማብ፣ ቢሜኪዙማብ፣ ኢክሴኪዙማብና ሪሳንኪዙማብ ናቸው። ግን ይህም የሚለካው የመጀመሪያዎቹን ከ8 እስከ 24 ሳምንታት ነው። ፕሶርያሲስ የዕድሜ ልክ እንግዳ ነው። ኤፋሊዙማብ የሚባል መርፌ ነበር፤ በ2003 ተፈቀደ፣ በ2009 ከገበያ ወጣ፣ በጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ ገዳይ የአንጎል ኢንፌክሽን ስለተገኘ። በ12 ሳምንት ፈተና ይህ አይታይም።

አሁን ደግሞ ያልኳችሁ ቀለም መጣ። ሚዛኑን አስታውሱ፤ ከሦስቱ መለኪያዎች አንዱ "ምን ያህል ቀልቷል" ነው። ያጎቴን ልጅ ክንድ አይቻለሁ። ቀይ አይደለም። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ አንዳንዱ ግራጫ፣ አንዳንዱ ጥቁር ቡናማ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ፕሶርያሲስ እንዲህ ነው የሚታየው። ሐኪሙ በመጽሐፉ ሮዝ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ ነገር አይቶ ከተማረ አንድም በሽታውን አያውቀውም፣ አንድም ቅላቱን 4 መስጠት ሲገባው 1 ይሰጠዋል። ነጥቡ ዝቅ ይላል፤ ከባዱ ቀላል ይሆናል፤ ቀላል የተባለ ሰው ደግሞ መርፌ አይታዘዝለትም። "ድርቀት ነው፣ ፈንገስ ነው" እየተባለ የሄደው ሁለት ዓመት ያኔ ገባኝ።

በሌላ አገርም የታየ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ በሜዲኬር የሚታከሙ ጥቁር ሕሙማን ባዮሎጂካል የማግኘት ዕድላቸው ከነጮቹ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በታላላቆቹ ጥናቶች ውስጥ አብዛኛው ተሳታፊ ነጭ ነበር፤ ጥቁርና ጠይም ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ብቻ ይዞ የተነሳ ትልቅ የመድኃኒት ጥናት የመጣው በ2020ዎቹ ነው። ሌላም አለ፤ ቅርፊቱ ከጠፋ በኋላ በቦታው ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ጥላ ለወራት ይቀራል። በሚዛኑ ላይ ያ ዜሮ ነው፣ ድነሻል ይባላል። መስታወት ፊት ለቆመችው ልጅ ግን ዜሮ አይደለም። ጨረር በሚሰጥበት ጊዜም ጥቁር ቆዳ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል፤ በዝቅተኛው ተጀምሮ እዚያው ከተተወ "አልሠራላትም" ተብሎ ይጻፋል።

አንድ ስስ ጉዳይ ደግሞ አለ፣ ላልፈው አልፈልግም። ባዮሎጂካል ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይደረጋል። ምክንያቱም በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየ ተህዋስ መከላከያው ሲዳከም ሊነቃ ይችላል፣ በተለይ በቲኤንኤፍ መድኃኒቶች። ሐኪሟ "የት ነው የተወለድሽው? ወላጆችሽስ?" ስትል ያጎቴ ልጅ ፊቷ ተለወጠ። ለምን እንደተለወጠ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በጥር 1996 የኛ ሰዎች የለገሱት ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጣል እንደነበር የወጣ ጊዜ፣ ኢየሩሳሌም ላይ በሺዎች ወጥተው ከጮኹት መካከል አጎቴ ነበረበት። ከዚያ ቤት ያደገች ልጅ ስለ ትውልድ አገሯና ስለ በሽታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስትጠየቅ ጆሮዋ ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ግን ይህ ምርመራ ለሁሉም ነው የሚደረገው፤ ከቴል አቪቭም ከሞስኮም ለመጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም በሽታዎች በብዛት ስላሉ ደግሞ ለኛ መዝለሉ ነው አደጋው። የተኛ ቲቢ ቢገኝም በሩ አይዘጋም፤ መጀመሪያ እሱ ይታከማል፣ ከዚያ መርፌው ይቀጥላል። ሐኪሟ ይህን ከጥያቄው በፊት ብትነግራት ኖሮ አንድ ያዘነች ማታ እናተርፍ ነበር።

ታዲያ የመጨረሻው ምርጫ በምን ተወሰነ? በሠንጠረዡ ብቻ አይደለም። መገጣጠሚያሽን ያምሻል ወይ ተባለች፤ ፕሶርያሲስ ጣትና ጉልበት ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ለሁለቱም ስለሚሠራ። በቤተሰብ የአንጀት ቁስለት አለ ወይ ተባለች፤ ኢንተርሊውኪን 17ን የሚይዙት እሱን ሊያብሱ ስለሚችሉ። ልጅ መውለድ ታስቢያለሽ ወይ ተባለች፤ ያኔ ሜቶትሬክሴት ወጣ፣ አሲትሬቲን የሚባለውማ ካቆሙትም በኋላ ሦስት ዓመት ማርገዝን ስለሚከለክል ከናካቴው አልተነሳም። ቀጥሎ ሳል ሃትሩፎት አለ። ከ1995 የጤና መድን ሕግ ወዲህ መንግሥት የሚሸፍነው ዝርዝር አለ፤ ውድ መርፌ ከመፈቀዱ በፊት ርካሹን ሞክራችሁ እንደሆነ፣ በሽታው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይጠየቃል። እዚህ ጋ ነው ያ የፓሲ ነጥብ ተመልሶ የሚመጣው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው በሩን የሚከፍተው።

እሷ ያደረገችውን ልንገራችሁና እናብቃ። በስልኳ አንድ ማህደር ከፈተች። በየሳምንቱ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያንኑ ክርን፣ ያንኑ እግር ፎቶ ታነሳለች፤ ከጎኑ ጤነኛውን ቆዳ ጭምር፣ ልዩነቱ እንዲታይ። ስንት ሌሊት በማሳከክ እንዳልተኛች ቀኑን ትጽፋለች። ቀጠሮ ላይ "እባክሽ ቅላቱን ከኔ ቆዳ ጋር አወዳድረሽ ስጪው" አለቻት። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ወንበሯን አስጠግታ እንደገና ቆጠረች። ቁጥሩ ከፍ አለ።

መርፌው ከጀመረ ሰባት ወር ሆኖታል። ራስ ቅሏ ንጹሕ ነው፣ ክርኗ ላይ ጥላው ገና አለ። አባቷንም ይዛው ሄዳ ነበር፤ ለእሱ ጨረሩን መረጡለት፣ በሳምንት ሦስት ቀን በአውቶቡስ ይሄዳል፣ መንገዱ ረዘመ እያለ ያማርራል። ባለፈው ሻባት ቤታቸው ነበርኩ፤ ዳቦው ተቆርሶ ሁላችንም ከአንዱ ትሪ በላን፣ እሱም ጭምር። እጅጌው ግን አሁንም እንደተቆለፈ ነው። ልምድ ሆኖበት ነው ይላል።

በሉ፣ በቸር ያገናኘን። ሻሎም ሻሎም።